ባዮስ ሲታደስ ተበላሽቶ አልነሳ ያለ ማዘርቦርድን መመለስ፦ ከቀላሉ እስከ ከባዱ

ባዮስን፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ እያደሳችሁ ሳለ መብራት ሄደ። ወይም ፐርሰንቱ መሐል ላይ ተቸክሎ ቀረና ትዕግስታችሁ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን በግድ አጠፋችሁት። አሁን ስታበሩት ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ተቃጠለ ብሎ ይደመድማል። አልተቃጠለም። ባዮስ የሚቀመጠው ስምንት እግር ባላት አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። የተበላሸው እዚያ የተጻፈው ነገር ነው። የተጻፈ ነገር ደግሞ ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል። ማዘርቦርዱን የምር የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ በድንጋጤ የሚሠራው ነው፦ የሌላ ሞዴል ፋይል መጫን፣ ቮልቴጅ ሳያዩ ፕሮግራመር የሚባለውን ቺፕ መጻፊያ መሣሪያ ማገናኘት፣ ቺፑን ልምድ በሌለው እጅ ከሰሌዳው ማንሳት። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱ። አንዱ እርምጃ ካስነሳው ወደሚቀጥለው ማለፍ አያስፈልግም።

ኮምፒውተሩ ገና ካልጠፋ፣ አታጥፉት

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ነው። እድሳቱን ከዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ጀምራችሁ ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ ቢያቆም፣ ዊንዶውሱ ግን እየሠራ ከሆነ፣ እድለኞች ናችሁ። ሥራ ላይ ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው ከራም፣ ከጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ፣ ነው። ቺፑ ላይ ያለው ቢበላሽም ችግሩ የሚታየው ድጋሚ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ሪስታርት አታድርጉ። ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ፣ ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ እንደገና አውርዱ፣ ሞዴሉን አረጋግጡ፣ ከዚያ እድሳቱን ድገሙት። አሁንም እንቢ ካለ ያው አምራች የሚሰጠውን የቀድሞውን ቨርዥን ሞክሩ። ማጥፋት የመጨረሻው ነገር ይሁን።

የእድሳቱ ስክሪን ተቸክሎ ከቆመም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስጡት። እድሳቱ አልቆ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ከእድሳት በኋላ ማዘርቦርዱ ራሙን እንደ አዲስ ይፈትሻል። ዲዲአር5 ራም ያላቸው ላይ ይህ ደቂቃዎች ይፈጃል። በመሐል ራሱን ጠፋ መለስ ሊያደርግም ይችላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አትደምድሙ። ከኮምፒውተሩ ፊት ተነስታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ብትመለሱ ይሻላል፤ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው እጁ ማብሪያው ላይ ይሄዳል።

ችግሩ የምር ባዮሱ ነው?

የአምራቹ ምልክት ስክሪኑ ላይ ከታየ ወይም ወደ ባዮስ ገጽ መግባት ከቻላችሁ፣ ባዮሱ ደህና ነው። የጠፋባችሁ ዊንዶውሱ ነው። ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ።

ምንም የማይታይ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ትንንሽ የምርመራ መብራቶች ተመልከቱ። አብዛኞቹ አዳዲስ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ ካርድና ለዲስክ አንዳንድ መብራት አላቸው። የራሙ መብራት በርቶ ከቀረ ራሙን ነቅላችሁ አንዱን ብቻ መልሱ። የግራፊክሱ ከበራ ደግሞ ሌላ ነገር ጠርጥሩ፦ እድሳቱ ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው መልሶት የድሮውን የማስነሻ ዘዴ፣ ሲኤስኤም የሚባለውን፣ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። የቆየ ግራፊክስ ካርድ ያለ እሱ ምስል ላያወጣ ይችላል። ካርዱን አውጡና ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ሞክሩ። ይህ የሚሠራው ፕሮሰሰራችሁ የራሱ ግራፊክስ ካለው ብቻ ነው።

ምንም መብራት ሳይበራ ፋኑ በሙሉ ኃይል የሚዞር ከሆነ፣ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ እየጠፋ እየበራ የሚደጋግም ከሆነ፣ አዎ፣ ባዮሱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቅንብሩን ማጥፋት

ባዮስ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ፕሮግራሙ ነው። ሌላው እናንተ ያስቀመጣችሁት ቅንብር ነው። አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን ቅንብር አንብቦ ግራ ሲጋባ ልክ እንደ ሞተ ሰሌዳ ይሆናል። ቅንብሩን ማጥፋት ፕሮግራሙን አይመልስም፣ ግን ምንም ወጪም ሆነ አደጋ የለውም።

የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ከዚያ ክቧን የሳንቲም ባትሪ አውጡ፤ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቁና መልሱ። ቅንብር ማጥፊያ ጃምፐር ያለው ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ፒን ለጥቂት ሰከንድ በጃምፐሩ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ማገናኘት ይበቃል። ኃይሉ ግን የተነቀለ ይሁን። አንዳንድ ሰሌዳዎች ከኋላ ለዚሁ የተሠራ ቁልፍ አላቸው። ላፕቶፕ ላይ ዋናው ባትሪም መነቀል አለበት። ከዚያ አብሩና እንደገና በትዕግስት ጠብቁ።

ሰሌዳው ላይ የተዘጋጀ መውጫ

አምራቾች እድሳት እንደሚበላሽ ያውቃሉ። ስለዚህ መውጫ ያስቀምጣሉ። ችግሩ ብዙ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሰሌዳውን ከጣለ በኋላ ነው። የማዘርቦርዳችሁን ትክክለኛ ስም ከነሪቪዥን ቁጥሩ ከሰሌዳው ላይ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ በጉልህ ታትሟል። ከዚያ መመሪያውን በስልካችሁ አውርዱ።

ሁለት ባዮስ ያላቸው ሰሌዳዎች አሉ። ጊጋባይት ለዓመታት በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ሁለት ቺፕ ሲያደርግ ኖሯል፦ ዋናውና መጠባበቂያው። ዋናው ሲበላሽ ብዙዎቹ ራሳቸው ከመጠባበቂያው ይገለብጣሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በእጅ የሚገለበጥ ማብሪያ አላቸው። በመጠባበቂያው ከተነሳችሁ ዋናውን እንደገና ጻፉት። መጠባበቂያውን ግን አትንኩት፣ እንዳለ ይቀመጥ።

ከሁሉም የምወደው ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም ባዮስ የሚጭነውን ቁልፍ ነው። አሱስ ባዮስ ፍላሽባክ ይለዋል፣ ኤምኤስአይ ፍላሽ ባዮስ በተን፣ ጊጋባይት ኪው-ፍላሽ ፕላስ። ሰሌዳው ላይ ያለ ራሱን የቻለ ትንሽ መቆጣጠሪያ ፍላሽ ዲስኩን አንብቦ በቀጥታ ወደ ቺፑ ይጽፋል። ባዮሱ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ይሠራል። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦

1. በሌላ ኮምፒውተር የሞዴላችሁን የባዮስ ፋይል አውርዱ። ዚፕ ከሆነ ፍቱት።

2. ፍላሽ ዲስኩን በፋት32 ፎርማት አድርጉ። አንድ ክፍልፍል ብቻ ይኑረው። ትንሽና የቆየ ፍላሽ ከትልቅና ፈጣኑ ይሻላል፤ ያቺ ትንሽ መቆጣጠሪያ በትልቁ ላይ ትነጫነጫለች።

3. የፋይሉን ስም መመሪያው በሚለው ቀይሩ። አሱስ ዚፑ ውስጥ ስሙን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ያስቀምጣል። የሌሎቹን እጃችሁ ይጽፋል። አንድ ፊደል ብትሳሳቱ አይነበብም። ዊንዶውስ የፋይል ማብቂያዎችን እንዳይደብቅም አስተካክሉት፤ አለዚያ ሳታዩት ሁለት ማብቂያ ይሆንባችኋል። ፋይሉ በፎልደር ውስጥ ሳይሆን ፍላሹ ላይ በቀጥታ ይቀመጥ።

4. ፓወር ሰፕላዩን አገናኙ፦ ባለ 24 ፒኑንም የፕሮሰሰሩንም ገመድ። የፓወር ሰፕላዩን የራሱን ማብሪያ አብሩ። ኮምፒውተሩን ግን አታስነሱት።

5. ፍላሹን ለዚሁ ምልክት በተደረገበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰኩ። ሌላ ቀዳዳ አይሠራም። ብዙዎች እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት።

6. ቁልፉን ተጫኑ። አሱስ ላይ መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ እስኪል፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ያዙት። ከዚያ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ይቀጥላል። እስኪቆም ድረስ አትንኩ። ደቂቃዎች ይፈጃል።

አሱስ ላይ መብራቱ ለአምስት ሰከንድ ያህል ብልጭ ብሎ በርቶ ከቀረ ፋይሉን አልወደደውም ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ የደረሰ ነገር የለም። የፋይሉን ስም፣ የፍላሹን ፎርማትና ቀዳዳውን እንደገና አረጋግጡ፤ ካልሆነ ሌላ ፍላሽ ቀይሩ። እኔ ደውሎ "ፍላሽባኩ አይሠራም" ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ ስለ ፍላሽ ዲስኩ ነው።

ላፕቶፖች ሌላ ዓይነት በር አላቸው። ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ቻርጀሩን ሰክታችሁ የዊንዶውስን ቁልፍና ቢን አንድ ላይ ይዛችሁ ማብሪያውን ሁለት ሦስት ሰከንድ ትጫናላችሁ። ማብሪያውን ትለቃላችሁ፣ ሁለቱን ግን ስክሪኑ ወይም ድምፁ እስኪመጣ አትለቁም። በቢ ፈንታ ቪ የሚሠራባቸውም አሉ። የማገገሚያው ፋይል ዲስኩ ላይ ከሌለ፣ የኤችፒን የባዮስ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ስታስነሱ የማገገሚያ ፍላሽ ልሥራ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ኮንትሮልና ኢስኬፕን ይዛችሁ ቻርጀሩን መልሳችሁ ትሰካላችሁ። የማገገሚያው ገጽ ሲመጣ ትለቃላችሁ። ለሌሎቹ የአምራቹን ድጋፍ ገጽ በሞዴሉ ስም ፈልጉ።

ፕሮግራመር፦ ቺፑን በቀጥታ መጻፍ

ከላይ ያለው ሁሉ እንቢ ካለ ወደዚህ እንመጣለን። እዚህ ጋ ሰሌዳውን የምር ማበላሸት ይቻላል። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት፤ ለጥገና ሰው ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ፕሮግራመር፣ ቺፑን የሚነክስ ባለ ስምንት እግር መቆንጠጫ፣ ሌላ የሚሠራ ኮምፒውተርና ጥሩ ብርሃን። በየቦታው የሚገኘው ርካሽ ፕሮግራመር ሲኤች341ኤ ይባላል። ይሠራል፣ ግን አንድ የታወቀ ጉድ አለበት፦ ጥቁሩ ሰሌዳ ከሆነው ብዙዎቹ ላይ 3.3 ቮልት ተብሎ ሳለ የዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት ያወጣሉ። ይህ ቺፑንም ከእሱ ጋር የተገናኘውንም ሊጎዳ ይችላል። በመልቲሜትር ለኩት። 5 ቮልት ካያችሁ አስተካክሉት ወይም ሌላ ያዙ።

መጀመሪያ ቺፑን ፈልጉ። ስምንት እግር አለው፣ ብዙ ጊዜ ከቺፕሴቱ (ከሰሌዳው ትልቅ መቆጣጠሪያ ቺፕ) አቅራቢያ ወይም ከሳንቲም ባትሪው ጎን ይገኛል። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። ዊንቦንድ፣ ማክሮኒክስና ጊጋዲቫይስ የተለመዱት ናቸው። ለምሳሌ ዊንቦንድ ላይ 25ኪው ከሚለው ቀጥሎ 64 ካለ 8 ሜጋባይት ነው፤ 128 ካለ 16፤ 256 ካለ 32። ቁጥሩ በሜጋቢት ስለሆነ ለስምንት ታካፍላላችሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ቮልቴጁ ስንት ነው? የባዮስ ቺፖች 3.3 ቮልት ወይም 1.8 ቮልት ናቸው። የዊንቦንዱ ስም በኤፍቪ ወይም በጄቪ ከቀጠለ 3.3 ነው። በኤፍደብልዩ ወይም በጄደብልዩ ከቀጠለ 1.8 ነው። ማክሮኒክስ ላይ 25ኤል 3 ቮልት ዓይነቱ ሲሆን 25ዩ 1.8 ነው። ለ1.8 ቮልት ቺፕ መሐል ላይ የሚገባ አስማሚ ሰሌዳ የግድ ነው። ያለ እሱ 3.3 ስትሰጡት ሊሞት ይችላል፤ ያኔ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ቺፑም ይቀየራል።

ማዘርቦርዱን ከኃይል ሁሉ ለዩት፦ ፓወር ሰፕላይ፣ የሳንቲም ባትሪ፣ የላፕቶፕ ባትሪ። ማብሪያውን ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አውጡ። ቺፑ ጥግ ላይ ያለችው ነጥብ አንደኛውን እግር ታሳያለች። የመቆንጠጫው ቀይ ሽቦ እዚያ ጋ ይውላል። ተገልብጦ ከተሰካ ቺፑ ይግላል፤ ወዲያው ንቀሉ። መጀመሪያ መቆንጠጫውን ቺፑ ላይ አድርጉ፣ ፕሮግራመሩን ኮምፒውተር ላይ የምትሰኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሊኑክስ ላይ ፍላሽሮም፣ ዊንዶውስ ላይ አስፕሮግራመር የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ሥራውን ይሠራሉ። የቺፑን መለያ እንዲያነብ አድርጉት። ያነበበው ስም ቺፑ ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳሰላል? ካልተመሳሰለ ወይም ምንም ካላገኘ መቆንጠጫው በደንብ አልያዘም። አውጥታችሁ መልሱት። እግሮቹን በአልኮል ጥረጉ።

ከዚያ አንብቡ፣ አትጻፉ። አሁን ያለውን የተበላሸውን ይዘት ወደ ፋይል ገልብጡ። ሁለተኛ ጊዜም በሌላ ስም ገልብጡ። ሁለቱን ፋይሎች አወዳድሩ፤ ኤስኤችኤ-256 የሚባለው ማረጋገጫ ቁጥራቸው አንድ መሆን አለበት። ከተለያየ ግንኙነቱ አይታመንም። በማይታመን ግንኙነት መጻፍ ደግሞ ሞኝነት ነው። ፋይሉ ከዳር እስከ ዳር ኤፍኤፍ (የባዶ ቺፕ ምልክት) ወይም ዜሮ ብቻ ከሆነም ያው ነው፤ በትክክል እያነበባችሁ ላይሆን ይችላል።

የተበላሸውን ለምን እንይዛለን? ምክንያቱም ቺፑ ውስጥ የእናንተ ብቻ የሆነ ነገር አለ፦ የሰሌዳው ሲሪያል ቁጥር፣ በብዙ ሰሌዳዎች የኔትወርክ ካርዱ አድራሻ፣ ከፋብሪካው ጋር የመጣ የዊንዶውስ ቁልፍ። ኢንቴል ሰሌዳዎች ላይ የማኔጅመንት ኤንጂን፣ ከባዮሱ ጎን የሚቀመጥ የኢንቴል የራሱ ፕሮግራም፣ ክፍልም አለ። የሌላ ሰው ሙሉ ቅጂ ብትጽፉበት ኮምፒውተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ግን የሌላ ማሽን ማንነት ይዞ ነው የሚነሳው። ዋናውን ቅጂ ሌላ ቦታም አስቀምጡት።

የሚጻፈው ፋይል መጠን ከቺፑ ጋር በባይት እኩል መሆን አለበት። 8 ሜጋባይት ቺፕ 8388608 ባይት ነው፣ 16ቱ 16777216፣ 32ቱ 33554432። ከአምራቹ የወረደው ፋይል ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል ወይም ያንሳል። ለምሳሌ ማብቂያቸው ካፕ የሆነ ብዙ የአሱስ ፋይሎች መጀመሪያቸው ላይ 2048 ባይት ራስጌ አላቸው። ለ16 ሜጋባይት ቺፕ የሆነው 16779264 ባይት ይሆናል። ያንን ራስጌ ሳትቆርጡ ብትጽፉት ሁሉም ነገር በ2048 ባይት ይንሸራተታል፣ ሰሌዳውም አይነሳም። ዩኢኤፍአይ ቱል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ክፍሎቹን ያሳያል፣ ራስጌ የሌለውንም አውጥቶ ያስቀምጣል።

ፋይሉ ከቺፑ የሚያንስ ከሆነ ደግሞ የያዘው የባዮሱን ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከራሳችሁ ቅጂ ላይ የባዮሱን ክፍል ብቻ በአዲሱ ትተካላችሁ፣ ሌላውን እንዳለ ትተዋላችሁ። እንዲያውም ፋይሉ ሙሉ ቢሆንም እኔ ይህን መንገድ እመርጣለሁ። ማንነቱም ኔትወርኩም ይተርፋል። ይህን ክፍል የመተካት ሥራ ያልለመደ ሰው ለጠጋኝ ቢሰጠው አላፍርበትም።

ፋይሉ ሲዘጋጅ ሥራው አጭር ነው፦ ሰርዙ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ጻፉ፣ የተጻፈውን አንብባችሁ ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ። ማመሳከሩ ካላለፈ ድገሙ። ሲያልፍ ፕሮግራመሩን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ፣ ቀጥሎ መቆንጠጫውን፣ ባትሪውን መልሱና አብሩ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ቺፑ ሰሌዳው ላይ እንዳለ አይነበብም። ፕሮግራመሩ የሚሰጠው ኃይል ወደ ቀሪው ሰሌዳ ይፈሳል፣ ለቺፑ አይበቃም። ሽቦውን አሳጥሩ፣ ከዴስክቶፕ ጀርባ ያለውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ። ካልሆነ ቺፑ በሞቃት አየር ተነስቶ ለብቻው መጻፍ አለበት። እድሜ የጠገቡ አንዳንድ ሰሌዳዎች ላይ ቺፑ ሶኬት ውስጥ ነው፣ በጣት ይወጣል። እዚያ ድካሙ የለም።

የቆዩ ጠጋኞች ደግሞ ሌላ ዘዴ ያነሱላችኋል፦ በሚሠራ ተመሳሳይ ሰሌዳ ኮምፒውተሩን አስነስቶ፣ ሳይጠፋ ጥሩውን ቺፕ ነቅሎ የተበላሸውን ሰክቶ መጻፍ። ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1999 የብዙ ኮምፒውተሮችን ባዮስ ባጠፋበት ዘመን ቺፖች በአብዛኛው ሶኬት ላይ ስለነበሩ ይህ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ቺፑ ተበይዷል። ፕሮግራመር እያለ በሚሠራ ሰሌዳ ላይ ቁማር መጫወት አያስፈልግም።

ከተነሳ በኋላ

መጀመሪያ ወደ ባዮስ ገጽ ግቡ። ቨርዥኑ የምትፈልጉት መሆኑን እዩ። የፋብሪካውን ቅንብር ጫኑና ሰዓቱን አስተካክሉ። የራሙን ፍጥነት ለጊዜው አትንኩት፤ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለውን የምታበሩት ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ወይም ዲስክ የለም ካለ ለመፎርማት አትቸኩሉ። ቅንብሩ ሲጠፋ የዲስኩ አሠራር ተቀይሮ ይሆናል። ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ወይም ኢንቴል ላይ ወደ ቪኤምዲ፣ ወይም በተቃራኒው። እንደ ድሮው ስታደርጉት ይነሳል። በድሮው የማስነሻ ዘዴ የተጫነ ዊንዶውስ ከሆነ ሲኤስኤምን ማብራት ያስፈልጋል።

ቢትሎከር፣ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ፣ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ባለ 48 አሃዝ የማገገሚያ ቁልፍ ይጠይቃል። ይህ የተለመደ ነው፤ የደህንነቱ ቺፕ ባዮሱ መቀየሩን አይቶ ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ የአይቲ ክፍሉ ጋ። ሳታገኙት ዲስኩን አትፎርማቱ። በስልካችሁ አካውንቱ ውስጥ ግቡ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የቁልፍ መለያ ከዝርዝሩ ጋር አመሳስሉ፣ አሃዞቹን በጥንቃቄ ጻፉ። ዊንዶውስ ሲገባ ቢትሎከርን ለጊዜው አቁማችሁ መልሳችሁ አብሩት፤ ያኔ አዲሱን ባዮስ ይለምደዋል፣ በየቀኑም አይጠይቃችሁም።